የእናቶች ቋጠሮ፦ ለየካቲት 29 ዐውደ ርእይ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እንቅረጽ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ የካቲት 29 በሚከበረው የሴቶች ቀን ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን መታሰቢያ የሚሆን የሳንቲም ዐውደ ርእይ ከሰፈሩ የሴቶች እድር ጋር ለማዘጋጀት ተስማምተን ነበር። የእድሩ እናቶች ሐሳባችንን በጽሑፍ እንድናቀርብላቸው ጠይቀዋል። ሁለት ሳምንት አለን። የአንድ ሰው ሐሳብ ሆኖ እንዳይቀር እያንዳንዳችሁ የምታምኑበትን እዚሁ ጻፉ፤ እኔ አሰባስቤ አዘጋጀዋለሁ።

ከራሴ ልጀምር። የሴት አያቴ አርባ ካለፈ በኋላ ልብሷን ስንከፋፈል አሮጌ መቀነቷ ለእኔ ደረሰኝ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ነበረ። በጥርሴ ጭምር ታግዬ ስፈታው አንድ ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ሁለት የጃንሆይ ሽልንግና አንድ የደርግ ዘመን ስሙኒ ወጣ። ጠገራው ብርና ሽልንጎቹ ከብር ማዕድን የተሠሩ ስለሆኑ መቀመጣቸው አልደነቀኝም። ያልገባኝ ስሙኒዋ ነበረች። እናቴን ብጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «በመሠረተ ትምህርት ዘመን ስሟን ራሷ በጻፈች ቀን ደብተር ገዝታ የተመለሰላት መልስ ናት» አለችኝ።

በሰብሳቢዎች መዝገብ ያቺ ስሙኒ የ1969 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ክንዳቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፤ በየቤቱ የምትገኝ፣ ዋጋዋም እዚህ ግባ የማይባል። ለእኔ ግን ካሉኝ ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ናት። ስለዚህ ዐውደ ርእያችን ሳንቲሙን ብቻ ሳይሆን ቋጠሮውንም እንዲያሳይ እፈልጋለሁ፤ ማን ቋጠረችው፣ ለምንስ ሳታወጣው ቀረች?

ነባር አባል

የኔ ልጅ፣ የአያትሽን ነገር በፍቅር አነበብሁት፤ ነፍስ ይማር። ነገር ግን ሰው አዳራሽ ድረስ መጥቶ ቁም ነገር ሳያገኝ መመለስ የለበትም። እኔ ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምሁትን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ፦ በፓሪስ የተቀረጸውን የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ከአላዱ (ከግማሽ ብሩ) እና ከሩቡ ጋር፣ የ1936ቱን ሙሉ ረድፍ ከአንድ ሳንቲም እስከ ሽልንግ፣ እንዲሁም በ1964 ዓ.ም. ከወጡት የብር መታሰቢያዎች የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምስል ያለበትን። በገንዘባችን ላይ የሴት ምስል ከፈለግን ከእርሱ የተሻለ ምን አለ?

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። የተበሱ፣ ማንጠልጠያ የተበየደባቸው፣ ፊታቸው የተፋቀ ሳንቲሞች ከሙሉዎቹ ጎን አይቀመጡ። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች ሳንቲም ከተበሳ አበቃለት ይሉ ነበር። ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥም አንድ የአክብሮት መንገድ ነው።

አንጥረኛው አባል

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። አባቴም አያቴም አንጥረኞች ነበሩ፤ እኔም ከከሰሉ አጠገብ ነው ያደግሁት። ሴቶች ጠገራ ብር ይዘው የሚመጡት ለሦስት ነገር ነበር፦ ለመስቀልና ለጉትቻ ለማስቀለጥ፣ ለድሪ ማንጠልጠያ ለማስበየድ፣ አለዚያም ለማስበሳት። አባቴ ስለ መብሳቱ የነገረኝን ምን ጊዜም አልረሳውም። ያልተበሳ ብር የቤቱ ገንዘብ ነው፤ በሬ ሲታመም ይወጣል፣ ግብር ሲጠየቅ ይወጣል፣ ባልም እጁን ሊሰድድበት ይችላል። ተበስቶ አንገቷ ላይ ከዋለ ግን የእርሷ ጌጥ ሆነ፤ ከእንግዲህ ያለ እርሷ ፈቃድ አይነካም። «ሴትዮዋ ብሩን አስበሳችው ማለት በስሟ አስመዘገበችው ማለት ነው» ይል ነበር። በዚህ ዐውደ ርእይ የተበሳው ብር መጀመሪያ መታየት አለበት ብዬ የምሟገተው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ስለሆነ ማሪያ ቴሬዛ ለሥራችን የታወቀ ማዕድን ነበር። ስንቱ እሳት እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው። ስለዚህ «የእናቴ ብር መስቀል ሆኗል» የሚል ልጅ ቢመጣ ሳንቲም አይደለም ብለን አንመልሰው። መስቀሉን ያምጣ።

የታሪክ መምህርቷ

ስለ ማሪያ ቴሬዛ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጉዳያችን ቅርብ ነውና። ያቺ የኦስትሪያ ንግሥት የአሥራ ስድስት ልጆች እናት ነበረች። በብሩ ላይ በራሷ የተከናነበችው ሻሽ የመበለት ሻሽ ነው፤ ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ከሐዘን ልብስ አልወጣችም። እርሷም በ1780 አረፈች። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በየትም አገር ሲቀረጽ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ነው፤ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። አያቶቻችን ማን እንደሆነች ባያውቁም አንዲት የተከናነበች ባልቴት በመቀነታቸው ይዘው ኖረዋል። ይህ በአዳራሹ መግቢያ በትልቁ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ነጋዴ ብሩን ሲቀበል በትከሻዋ ያለውን የዕንቁ ጌጥ ይመረምር ነበር፤ ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩ አልቀበልም ይላል። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም ገበያው ብዙ ጊዜ የባልቴቷን መረጠ። የመንግሥት ባንክ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ካወጣ በኋላ ግን ጠገራው ከገበያ ወደ ሣጥንና ወደ አንገት ተመለሰ። የእናቶች ዕቃ የሆነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የአክሱም ሳንቲም «ከአያቴ ያገኘሁት ነው» እየተባለ ሊመጣ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የምንገዛውም የምንሸጠውም ነገር እንደማይኖር፣ የአክሱም ሳንቲም የያዘ ሰው ቢመጣ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን እንደምንመራው በሐሳባችን ውስጥ በግልጽ ይግባ። በእናት ስም የተዘጋጀ መድረክ የቅርስ መሸጫ እንዲሆን አልፈቅድም።

ከሐረር የሚጽፉ አባል

የእኛን አገር አትርሱ። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላም በ1885 ዓ.ም. ምኒልካዊ መሐለቅ የተባለው ሳንቲም ሐረር ላይ ተቀርጿል። በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍን ሙዚየም ያየ ሰው አንድ ከተማ ስንት ዓይነት ገንዘብ እንዳሳለፈች ይረዳል። የእናቴን የአንገት ጌጥ ግን በፎቶግራፍ ነው የምልከው። እኅቴ ለልጇ ሠርግ ትፈልገዋለች፤ ሙዚየም የሚገባ ዕቃ አይደለም፣ ገና ሥራ ላይ ነው።

ከሜሪላንድ የምትጽፍ አባል

እናቴ በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ከ1999 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የሃምሳውን ክፍለ ግዛት ሩብ ዶላር በየተራ ያወጡ ነበር፤ በየዓመቱ አምስት። አንድ ሰው የአሜሪካ ካርታ ያለበት፣ በየግዛቱ ቀዳዳ የተሠራለት ካርቶን ሰጣት። አዲስ ሩብ ዶላር እጇ ሲገባ ከራሷ ኪስ ሌላ ሩብ ተክታ ያንን ታስቀረዋለች፤ ሒሳቧ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ማታ ወደ ቤት ስትመጣ «ዛሬ ደግሞ ሜይን ገባ» ትለኝና ቦታውን በካርታው ላይ አብረን እንፈልጋለን። የአሜሪካን ጂኦግራፊ የተማርሁት እንዲህ ነው። እርሷም እንደዚሁ።

ካርቶኑ ሙሉ ነው። የብር ማዕድን የለበትም፣ ጥንታዊም አይደለም፣ የኢትዮጵያም አይደለም። ቦታ አለው?

ነባር አባል

አለው እንጂ! ልጄ፣ ይህንን አትጠይቂ።

ገንዘብ ያዥ

ስሜቱን እጋራለሁ፤ ግን ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝና ስለ ጥበቃው ልናገር። መስታወት ያላቸው ሣጥኖች ያሉን አራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዕቃ አንረከብም፤ ባለቤቱ ጠዋት ይዞ መጥቶ ማታ ይዞ ይመለስ። የሩቆቹ ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ ይላኩ።

ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ የሰው ቸርነት ነው። ዐውደ ርእይ ነው ሲባል ሁሉም በሎሚና በአመድ፣ በጥርስ ሳሙናም ጭምር ፈትጎ ሊያመጣ ነው። እባካችሁ ለእድሩ እናቶች አስቀድመን እንንገር፦ አይታጠብ፣ አይፈተግ። ጥቁረቱ የዕድሜው ቆዳ ነው፤ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። በለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢትም አይቀመጥ፤ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ሲያዝም ጠርዙን ብቻ።

አዲስ አባል

እስካሁን ዝም ያልሁት የምለው ስለሌለኝ ሳይሆን ስለከበደኝ ነው። የእኔ አያት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የኖረችው። ደመወዟን የሚቀበለው ወንድሟ ነበር። መቀነቷን ስንፈታ ባዶ ነበር፤ ጫፉ ግን ሲታሰርና ሲፈታ የኖረ ጨርቅ ስለሆነ ተጨማድዷል። እናንተ ስለ ጠገራና ስለ ሽልንግ ስታወሩ በደስታ አነባለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከእድሩ የሚመጡ ስንት እናቶች እንደ እርሷ እንዳሉ አስቡ። ሳንቲም ያላትን እናት ብቻ ካከበርን ባለጸጋዋን አከበርን ማለት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ይህን አንብቤ ለብዙ ሰዓት መልስ አልጻፍሁም። መቀነቱን እንዳለ፣ ተጨማድዶ አምጪው። ካሉን አራት ሣጥኖች አንዱ የእርሱ ነው። ተቃውሞ ያለው አባል ካለ ይናገር።

አንጥረኛው አባል

የለም።

ነባር አባል

እኔም የለኝም። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ስለ ሙሉዎቹ ሳንቲሞች የተናገርሁትን አልተውሁም፣ ሌላ ሥራ ግን አገኘሁላቸው። አዲስ የተመታ ማሪያ ቴሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ገበያ ያላየ፣ ዕንቁዎቿ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ አንድ ብር አለኝ። እርሱን ከሚዛን ጋር በመግቢያው ላይ እናስቀምጠው። የየአያቱን ብር ይዞ የመጣ ሁሉ ከእርሱ ጋር ያስመዝን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቀነቱ ውስጥ፣ በጣት፣ በአንገትና በጡት መካከል ተፍቆ የቀረው ነው። የተበሳ ከሆነ የቀዳዳው ክብደትም አብሮ ይጎድላል፤ ይህንንም እንጽፍለታለን። የእኔ ብር ለመታየት ሳይሆን ለመለኪያ ይቀመጥ። ሚዛኑ እስከ ግራም መቶኛ ድረስ ያነብባል፤ ይዤው እመጣለሁ።

ሁለተኛ ጥቅምም አለው፤ ከ28.07 ግራም በግልጽ የሚበልጥ ወይም በጣም የቀለለ ቢመጣ ሐሰተኛ መሆኑን መጠርጠር እንችላለን። በዚያን ጊዜ ለባለቤቱ በሰው ፊት አንንገር፤ ለብቻው ጠርተን እንንገረው። የእናቱ መሆኑ ግን ሐሰት አይደለምና ታሪኩ በፖስታው ላይ ይጻፍለት።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንግዲህ ለእድሩ እናቶች የሚቀርበው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፤ እስከ ዓርብ አርሙት።

«የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ ማኅበራችን ከእናንተ ጋር በመሆን የካቲት 29 ‹የእናቶች ቋጠሮ› የተሰኘ የአንድ ቀን ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ይጠይቃል። ማንኛውም ሰው የእናቱን ወይም የአያቱን ሳንቲም፣ ከሳንቲም የተሠራ ጌጥ ወይም መስቀል፣ ሳንቲም የታሰረበትን መቀነት፣ ሙዳይ ወይም ሣጥን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሳንቲሙ ብርቅ መሆን የለበትም፤ የተበሳም፣ ያለቀም፣ የሌላ አገርም ይሁን። ባዶ መቀነትም ዕቃ ነው። ምንም ነገር አይሸጥም፣ አይገመትም፣ ማኅበሩም አይረከብም። የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች በዚህ ዝግጅት አይካተቱም። እባካችሁ አታጥቡ፣ አትፈትጉ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ልጆች አጠገባችሁ ተቀምጠው የምትነግሯቸውን በፖስታው ላይ ይጽፋሉ፤ መናገር የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ንገሯቸው። ፖስታውን ከዕቃው ጋር ወደ ቤታችሁ ትወስዱታላችሁ፤ እኛ ዘንድ የሚቀረው ከፈቀዳችሁ ግልባጩ ነው።»

የፖስታውን ናሙና በአያቴ ብር ሞላሁት፤ ትናንት ነባሩ አባላችን ቤት ሄጄ አስመዘንሁ። ለሌሎቹ ሳንቲሞች የየራሳቸው ፖስታ ይዘጋጃል።

ዕቃው፦ የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ያልተበሳ።
የማን፦ የሴት አያቴ።
ከማን አገኘችው፦ ከእናቷ፣ በተዳረች ቀን።
የት ነበረ፦ በመቀነት ጫፍ፣ ድርብ ቋጠሮ።
ክብደቱ፦ 27.2 ግራም።
ዕንቁዎቹ ይታያሉ?፦ አይታዩም፤ በጣት ሲዳሰሱ ግን ሁለቱ ይታወቃሉ።
ለምን አላወጣችውም፦ እናቴ ሁለት ጊዜ ልታወጣው ስትል አይታታለች፤ አንዴ በ1977ቱ ድርቅ፣ አንዴ እኔ ስወለድ። ሁለቱንም ጊዜ መልሳ ቋጠረችው።