ደም የማይበዛበት፣ የሚያስቅ የወንጀል ታሪክ ለምትፈልጉ

ይሄ ለእናቷ የሚሆን የወንጀል ታሪክ ጠቁሙኝ ላለችው እህት ነው። «ሬሳ እያገላበጠ የማያሳይ፣ ስድብ የሌለበት፣ ደግሞ የሚያስቅ» ነው ያልሽው። መርማሪዋ አሮጊት ከሆነች ሦስቱም አብረው ይገኛሉ።

እኔ ከሚስ ማርፕል ነው የምጀምረው። አጋታ ክሪስቲ በ12 ልቦለዶች ያመላለሰቻቸው የእንግሊዝ ገጠር ሴትዮ ናቸው። ባል የላቸው፣ የፖሊስ መታወቂያ የላቸው። ሹራባቸውና ጆሯቸው ብቻ። በ1930 የወጣውን «መርደር አት ዘ ቪካሬጅ» አስቀድሚ። ተራኪው የመንደሩ ቄስ ናቸው። ምሳ ላይ ሥጋ እየቆረጡ «ኮሎኔሉን የሚገድል ሰው ለዓለም ውለታ ዋለ» ዓይነት ነገር ያመልጣቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ኮሎኔሉ እዚያው ቄሱ ቤት ተገድለው ይገኛሉ! ሚስ ማርፕል ጎረቤት ናቸው። አትክልት ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አያመልጣቸውም። ወፍ የሚያዩበት መነጽርም አላቸው፤ ወፍ ብቻ እንደማያዩበት ቄሱም ያውቃሉ። በየሰፈራችን ምስር እየለቀሙ መንገዱን የሚቆጣጠሩ እትዬ አሉ አይደል? እሳቸው ናቸው።

ማየት ከተፈለገ ጆአን ሂክሰን የሠራችውን የቢቢሲ ድራማ ፈልጊ። 12ቱንም ልቦለዶች ሠርታቸዋለች። ቀስ ይላል፣ ግን ያምራል። በ1960ዎቹ ማርጋሬት ራዘርፎርድ የሠራቻቸው ፊልሞች ያስቃሉ፤ ሚስ ማርፕል ግን ሌላ ሴትዮ ሆነዋል።

አዲስ ነገር ከሆነ የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ» አለልሽ። አራት ጡረተኞች በየሐሙሱ ተሰብስበው ያልተፈታ የግድያ መዝገብ ያገላብጣሉ። አንዷ የቀድሞ ሰላይ ናት። እኔ የምወዳት ግን ነርስ የነበረችውን ጆይስን ነው፤ በማስታወሻ ደብተሯ ስለ ግድያው እየጻፈች መሀል ላይ ወደ ኬክ ትሄዳለች። በ2025 ኔትፍሊክስ ላይ ፊልሙ ወጥቷል። ተዋንያኑ ትልልቅ ናቸው፣ ግን ይቸኩላል። መጽሐፉ ይሻላል።

እናትሽ በቀን አንድ ክፍል የሚያዩ ከሆነ «መርደር ሺ ሮት» አያልቅም፤ 12 ሲዝን፣ 264 ክፍል። አንጄላ ላንስበሪ ጡረታ የወጣች አስተማሪና የወንጀል ደራሲ ሆና ትሠራለች። የሄደችበት ሁሉ ሰው ይሞታል። እሷን እራት የሚጋብዝ ኑዛዜውን አስቀድሞ ይጻፍ።

«ኦንሊ መርደርስ ኢን ዘ ቢልዲንግ» የሚባለውን ድራማ ለራስሽ አስቀሪው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሳቅ ያፈነዱሻል፣ አፋቸው ግን ለእናት አይሆንም።

እንግሊዝኛው ከከበዳቸው እያነበብሽ ተርጉሚላቸው። እኔ የቄሱን ታሪክ ለአክስቴ ቡና ላይ ነው የተረኩላቸው። አቦል ላይ አንዱን ጠረጠሩ። ቶና ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። በረካ ላይ ገዳዩ ሲታወቅ «እኔ መጀመሪያም ብያለሁ» አሉ።