ግላይኮፕሮቲን ቢ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ቫይሮሎጂ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ለማስተርስ ሥራዬ የሰው ሳይቶሜጋሎቫይረስ (ያው ከሄርፒስ ቤተሰብ ነው) ፋይብሮብላስት ሴሎች ላይ አሳድጌ ግላይኮፕሮቲን ቢን (የቫይረሱ ሽፋን ላይ ያለ፣ ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን) በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) እያየሁ ነው። ፕሮቲኑ መጀመሪያ 160 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ ሆኖ ይሠራል፣ ከዚያ ጎልጂ (ፕሮቲን ተስተካክሎ የሚላክበት የሴሉ ክፍል) አካባቢ ሲደርስ ፉሪን የሚባለው የራሱ የሴሉ ኤንዛይም ይቆርጠውና 116 እና 55 ገደማ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይሆናል፤ ቁራጮቹ ግን በዳይሰልፋይድ ቦንድ ተያይዘው ስለሚቀሩ አይለያዩም። የኔ አንቲቦዲ 55ቱን ነው የሚይዘው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቦንዱን እንዲፈታ ቤታ መርካፕቶኤታኖል ጨምሬ፣ አፍልቼ፣ 55 ላይ ደህና ባንድ አለ፤ 160 ላይ ግን ከሱ የወፈረ ቁጭ ብሏል። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ይሄ ገና ኢአር (ፕሮቲኑ ወደ ጎልጂ ከመሄዱ በፊት የሚሠራበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ ያለ ያልተቆረጠ ነው ወይስ ቦንዱ በደንብ ሳይፈታ ቀርቶ? የመርካፕቶኤታኖሉ ጠርሙስ አሮጌ ነው፣ ያ የሚያስጠላ ሽታው እንኳ ደክሟል።

ኢንዶ ኤች የሚባለውን ስኳር ነቃይ ኤንዛይም ልሞክር አስቤያለሁ። ኢአር ውስጥ የቀረ ከሆነ ስኳሩ ተነቅሎ ባንዱ ዝቅ ማለት አለበት። ወይስ ከሴሉ የወጣውን ቫይረስ ብቻ አጥርቼ ጄል ላይ ብጭነው ይሻላል?

ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ «የኛው አይቆረጥም፣ ምን አስጨነቀህ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የሱ ቫይረስ ግላይኮፕሮቲን ቢ በፉሪን አይቆረጥም። ለኔ ግን ምን ይፈይዳል? የሞከራችሁት ካላችሁ ከየቱ ልጀምር? አንቲቦዲው እያለቀብኝ ነው።