በትእዛዝ ያሠራሁት ፍሬትለስ ቤዝ፦ ልሽጠው ወይስ ልታገለው?

ቤዙ ከሲልቨር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ቤዝ ጊታር እመታለሁ። 12 ዓመት ሙሉ የመታሁት ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ኖታውን የሚለዩ የብረት ዘንጎች፣ ያለውን ተራ ቤዝ ነው፤ ፍሬትለስ እነሱ የሌሉት ነው። አስቸግሮኝ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ልቤ ሸፈተ።

ጥፋቱ የአሜሪካዊው ቤዝ መቺ የጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። አንድ ሌሊት ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ከፈትኩት። ቤዝ እንደዚያ ሲያዜም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰውዬው የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዙን ፍሬቶቹን አውጥቶ፣ እንጨቱን ለጀልባ የሚሆን ኤፖክሲ (ደርቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀብቶ ነበር የሚጫወተው። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ አልነቃሁም።

እና አዘዝኩ። ፋብሪካ አይደለም። ፔንሲልቬንያ ገጠር ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ስልክ ስትደውል ራሱ ያነሳና "ቆይ መጋዙን ላጥፋ" ይልሃል። ግራ እጄን ወረቀት ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ በፖስታ እንድልክለት ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ላክሁለት። ግማሹን ቀድሜ ከፈልኩ፣ 11 ወር ጠበቅኩ። በጠቅላላ 3,400 ዶላር። ባለቤቴ ትክክለኛውን ዋጋ እስከ ዛሬ አታውቅም። እዚህ የምትገባ ከሆነ ይቅር በይኝ።

ሲመጣ እውነት ለመናገር እንባዬ ሊመጣ ነበር። አካሉ ዋልነት፣ አንገቱ ሜፕል፣ ጣት የሚያርፍበት ኢቦኒ፣ በኛ ዞጲ የሚባለው። ክብደቱ 3.7 ኪሎ። የድሮው 4.6 ስለነበር ትከሻዬ እፎይ አለ። አንገቱን ስጨብጠው ደግሞ ጓንት ነው። ያ በእርሳስ የሳልኩት እጅ ለካ ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ችግሩ። የትእዛዙ ቅጽ ላይ "ፍሬቶቹ ይሆኑበት በነበረው ቦታ መስመር ይግባ?" የሚል ጥያቄ ነበር። አይግባ አልኩ። ማሲንቆ መስመር አለው እንዴ? ስለዚህ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ እንጨት ብቻ። ምልክት ቢባል ጎኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው።

ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስመታው ራሴን እወደዋለሁ። መድረክ ላይ ፎልስ በፎልስ ነኝ፣ ከቅኝት እወጣለሁ። ድምፁ ሁሌ ትንሽ ዝቅ ይላል። መብራቱ ወይን ጠጅ ነው፣ ነጥቡ አይታይም፣ ድራመሩም ጎኔ ነው። የዛሬ ወር ትዝታ መሐል ላይ ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ያችን አስተያየት የደረሰችበት ያውቃታል። ኪቦርዲስታችን ግን ዕቃ ስንሰበስብ "ወንድሜ፣ ይችን ነገር ሠርግ ላይ እንዳታመጣት" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤዙ አልጋ ሥር ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሱቅ ወስጄ አሳየሁ፤ 1,100 ዶላር አሉኝ። የሠሪውን ስም ሰምተውት አያውቁም። ልሽጠው? ለሠሪው መልሼ መስመር ላስገባበት? ወይስ ሌላ መላ አለው?

ክር ቆጣሪ፦

ሽጠው። ሰው የመጣው ክትፎ ሊበላና እስክስታ ሊወርድ ነው። ቤዝህ አዜመ አላዜመ ማን ጉዳዬ ይላል? እኔም ፋብሪካ የሠራው ርካሽ ፍሬትለስ ገዝቼ ሦስት ወር አልቆየሁበትም።

በ1,100 ግን እንዳትሸጠው፣ ስድብ ነው። ሱቅ ስም ነው የሚገዛው። ቤዝ የሚመታ ሰው ፈልግና እጁ ላይ ስጠው፣ አንገቱን ሲጨብጥ ዋጋው ይገባዋል። ችግሩ ያ አንገት በአንተ እጅ ልክ የተሠራ መሆኑ ነው። እጅህ ስንት ነው?

እንጨትና ሽቦ፦

ፍራንክፈርት ነኝ፣ የክር መሣሪያ እጠግናለሁ። አትሽጠው፣ መስመርም አታስገባበት። መጀመሪያ ሜትር አምጣ።

ቤዝህ የተለመደው 34 ኢንች ከሆነ የክሩ ርዝመት 86.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ አናት ላይ ከሚያርፍበት ጥርስ ጀምረህ ጎኑ ላይ እስካለው የመጀመሪያ ነጥብ ለካ። 13.7 ሴንቲ ሜትር ካገኘህ ሠሪው ነጥቡን ያስቀመጠው ልክ ሦስተኛው ፍሬት ሊሆን በሚገባው ቦታ ነው። 11.6 ካገኘህ ደግሞ እንደ ተራ ቤዝ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል ነው ያስቀመጠው። ሁለቱም ዓይነት አሠራር አለ። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ዓመት የሚመቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ለምን ጠየቅኩህ? "ሁሌ ዝቅ ይላል" አልክ። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ቢል ጆሮህ ነው እል ነበር። ሁሌ ወደ አንድ በኩል ከሆነ ግን ልማድ ነው። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ 12 ዓመት ጣትህን ያሳረፍከው ከፍሬቱ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ድምፁን የሚወስነው ብረቱ ስለሆነ ምንም አይልህም። እዚህ ብረት የለም። ጣትህ ራሱ ፍሬት ነው፣ ልክ መስመሩ ላይ ማረፍ አለበት። 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ከቀረህ፣ ሦስተኛው ላይ 12 ሴንት (የቅኝት መለኪያ ነው) ያህል ትወርዳለህ። 12ኛው ላይ ያው 5 ሚሊ ሜትር 20 ሴንት ይሆናል። አንድ ሴሚቶን (ግማሽ ቶን) 100 ሴንት መሆኑን አትርሳ። ኪቦርድ ደግሞ ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ ጎኑ ሆነህ ያስታውቅብሃል።

ሌላው የማንገቻህ ርዝመት ነው። ቤት ተቀምጠህ፣ መድረክ ላይ ቆመህ አይደል የምትመታው? ቤዙ ወርዶ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓህ ይታጠፋል፣ ነጥቦቹንም የምታይበት ማዕዘን ይለወጣል። ማንገቻውን አሳጥር። ስትቀመጥም ስትቆምም ቤዙ ደረትህ ላይ አንድ ቦታ ይሁን። መልክህ ትንሽ ሽማግሌ ይመስላል፣ ቻለው።

ስለ መስመር ካነሳህ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፦ የጃኮ ቤዝ ላይ መስመር ነበር። ፍሬቱ የወጣበትን ስንጥቅ በሌላ ነገር ሞላው እንጂ ምልክቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ከእሱ በላይ ካልኮራህ በቀር መስመር ነውር አይደለም። ግን የጨረሰ ኢቦኒ ላይ ስንጥቅ መክፈት ለትንሽ ነገር ትልቅ ቀዶ ጥገና ነው። ጎኑ ላይ ቀጭን ነጭ ቴፕ ለጥፍና ሞክር። ተመልካች አያየውም።

ክሩ ምን ዓይነት ነው? ኢቦኒ ጠንካራ ቢሆንም ሻካራው ራውንድዋውንድ ክር ቀስ እያለ ይበላዋል። ልሙጡን ፍላትዋውንድ ብታስርበት እንጨቱም ይተርፋል። እንጨቱን አልጋ ሥር ማስቀመጡንም ተው። ክረምት ላይ የእናንተ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። አንገቱ ቢጎብጥ ውስጡ ያለውን ዘንግ በጥቂቱ ማዞር ነው፣ አንዴ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ አንድ ቀን ትጠብቃለህ።

የፒያሳው ሰው፦

ልጆች፣ እኔ ቤዝ መቺ አይደለሁም። በገና ነው የምደረድረው፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ግን ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የፍሬትለስ ያ "ምዋ" የሚለው ድምፅ ለእኛ አዲስ አይደለም። በገና በርኩማው ላይ፣ ከእያንዳንዱ ክር ሥር፣ እንዝራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ አለች። ክሩ ቆዳዋን ሲነካት ነው የሚያንዘረዝረው። እሷን ወዲያና ወዲህ እያልን ነው የምናስተካክላት፤ በፀጉር ልክ ከሳተች ድምፁ ይሞታል። የአንተም ክር እንጨቱን እየዳሰሰ ነው የሚያጉረመርመው። ስለዚህ ሰው ሰምቶ አያውቅም አትበል። ፍልሰታም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲሰማው የኖረ ሰው ነው ፊትህ ተቀምጦ ክትፎ የሚበላው። (በጾም አይበላም እንጂ።)

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ያችን ትዝታ ድምፃዊቷ የምታዜመው በምንድን ነው? ቁልፉን ንገረኝ። ማሲንቆ መቺ ዘፋኙን ተከትሎ ይቃኛል፣ ክራርም እንደዚያው። አንተ ግን ክሮችህን ሳትነካ የእሷን ድምፅ ነው የምታሳድደው።

ቤዙ ከሲልቨር፦

ጋሼ፣ ከየት መጡ! በሲ ሻርፕ ነው የምታዜመው። ድምፅዋ እዚያ ነው የሚያምረው።

አሁን እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ። የእኔ ባዶ ክሮች፣ ጣት ሳልጫንባቸው የሚጮኹት፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ናቸው። በሲ ሻርፕ ዋናው (ሜጀር) ትዝታ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ሌላ ዘፈን ላይ ሳላውቀው ባዶ ክር መትቼ ራሴን አስተካክል ነበር ማለት ነው። እዚያ ዘፈን ላይ ግን የምይዘው የለኝም። ሙሉ አምስት ደቂቃ አየር ላይ!

እንጨትና ሽቦ፣ ለካሁት። 13.7። ሠሪው ነጥቡን ልክ ቦታው ላይ ነው ያስቀመጠው፤ እኔ ነኝ ከኋላው የማርፈው። ቱነር (ቅኝት መለኪያ) ሰክቼ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ፤ ከ10 እስከ 15 ሴንት ዝቅ እላለሁ። ሁሌ። ሚስጥር መስሎኝ ነበር እኮ።

ሌላም ጉድ አለ። ለሠሪው ኢሜይል ጽፌ "ለምን ያለ መስመር ሠራህልኝ?" ልለው አስቤ ነበር። መጀመሪያ የድሮውን ምልልስ ፈልጌ አነበብኩት። ሰውዬው ሦስት ጊዜ "እርግጠኛ ነህ? ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት መስመር ይሻልሃል" ብሎኛል። ሦስቱንም ጊዜ የመለስኩለት "መስመር አልፈልግም፣ የማሲንቆ አገር ሰው ነኝ" ብዬ ነው። ቃል በቃል። ኢሜይሉን ዘጋሁት።

ክር ቆጣሪ፦

የማሲንቆ አገር ሰው 😂 ይህን ፕሮፋይልህ ላይ ጻፈው።

እንጨትና ሽቦ፦

ጥሩ ሠሪ ነው ያለህ፣ ስልክ ቁጥሩን እንዳትጥለው። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አምፕህ (ድምፅ ማጉያህ) ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ ቀንስና መሐሉን ጨምር። ባዶው ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ እዚያ ታች ያለው ሁሉ ጉምጉምታ ይሆናል፤ ቅኝቱን ጆሮህ የሚይዘው ከመሐሉ ነው። ሰዎች ቤዝ ሲጨምሩ ራሳቸውን ያደነቁራሉ።

የፒያሳው ሰው፦

ሲ ሻርፕ ላይ ከሆነ ድምፃዊቷን ግማሽ ቶን ዝቅ እንድትል አትጠይቃት፣ ዘፋኝ አይወድም። አንተ መጀመሪያዋን ኖታ ከኪቦርዱ ስረቅ፣ ከዚያ ወዲያ ረጅም ኖታ ያዝ፣ አትሩጥ። ትዝታ መቼ ሩጫ ይወዳል። በልጅነታችን ሮሃ ባንድ ውስጥ ጆቫኒ ሪኮ ሲመታ የሰማን ሰዎች አለን፤ ቤዙ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ ነው ዘፋኙ የሚዝናናው። መንሸራተቱን ለመግቢያና ለመውጫ አቆየው። በየኖታው ከተንሸራተትክ ሰካራም ይመስላል።

ቤዙ ከሲልቨር፦

ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ማንገቻውን አሳጠርኩ። ቤዙ ጡቴ ላይ ነው፣ ልጄ "አባዬ፣ ዩክሌሌ ነው?" አለችኝ። ጎኑ ላይ አምስት ቀጫጭን ቴፕ ለጠፍኩ። ፍላትዋውንድ አሰርኩበት፤ ድምፁ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ግን ለእኛ ሙዚቃ እንዲያውም ያምራል። በየቀኑ ሥራ ከመውጣቴ በፊት 20 ደቂቃ ባዶውን ክር እያስጮህኩ በሌላው ክር ላይ ያንኑ ኖታ እፈልጋለሁ። ጎረቤት ገና አልከሰሰኝም።

ያለፈው ዓርብ በሁለት ዘፈን ብቻ አወጣሁት። አንዱ ባቲ ነበር፣ ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው ያው ሲ ሻርፕ ትዝታ ነው። መግቢያው ላይ ከኪቦርዱ ኖታ ሰረቅኩ፣ እንደተባልኩት ሳልሮጥ ተቀመጥኩ። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ወረድኩ፣ ተሰማኝ፣ ጣቴን ገፋ አድርጌ መለስኩት። ፍሬት ያለው ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ቅኝቱ ከተበላሸ ተበላሸ ነው።

ድምፃዊቷ አልዞረችም። ኪቦርዲስቱ "የቱን ነው የመታኸው?" አለኝ። ፍሬትለሱን አልኩት። "እሺ፣ ሠርጉን እናያለን" አለ።

ሠርጉ ነገ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለቱንም ቤዝ መኪና ውስጥ ጭኛለሁ፣ ለማንኛውም።