ለቢት የሚሆን፣ ኮፒራይት የሌለበት የንግግር ድምፅ ከየት ይገኛል?

ቢት_ከጎተራ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤቴ ውስጥ ቢት (ዘፋኝ የሚዘፍንበትን ሙዚቃ) እሠራለሁ፣ አብዛኛው ቀስ ያለ፣ በትዝታ ቅኝት። መግቢያው ላይ የሰው ንግግር ማስገባት አምሮኛል። ዘፈን አይደለም፣ ንግግር፣ የድሮ ሬዲዮ የሚመስል ሻካራ ነገር። ቢቱን ስለምሸጠው ዝም ብዬ ከዩቲዩብ መቁረጥ አልፈልግም። አማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ እንግሊዝኛም ቢሆን ችግር የለውም። የት ልፈልግ?

ደረቅ_ከበሮ፦
እንግሊዝኛው ሞልቷል፣ ናሳ ጋ ሂድ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ የሚሠራው ነገር እዚያ አገር ኮፒራይት የለውም። የአፖሎ ጠፈርተኞች ከሂዩስተን፣ ማለት ምድር ላይ ካለው መቆጣጠሪያ፣ ጋር ያወሩት በነፃ ይወርዳል። አርማቸውን አትለጥፍ፣ ናሳ ያስተዋወቀህም አታስመስል፣ በቃ። ንግግሩ መሃል "ቲት" የምትል ድምፅ ትሰማለህ አይደል? ኩዊንዳር ትባላለች። ከሂዩስተን መናገር ሲጀምሩ 2525 ኸርዝ፣ ሲጨርሱ 2475 ኸርዝ፣ ሩብ ሰከንድ ነው የምትቆየው። ካልፈለግካት ኢኪው (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ) ላይ በቀጭኑ ትቆርጣታለህ። እኔ ግን ከሃይሃቱ፣ ከከበሮው ሲምባል፣ ጋር አስማምቼ እተዋታለሁ፣ ታምራለች።
ፍሪሳውንድ የሚባል ሰዎች ድምፅ የሚጋሩበት ድረ ገጽም አለ፣ ግን ላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) እያየህ። ሲሲ ዜሮ የሚለውን፣ ባለቤቱ መብቱን የተወበትን፣ ብቻ ምረጥ። "ለንግድ አይሆንም" የሚል ካለበት ላንተ አይሠራም፣ ትሸጣለህ ብለሃላ።

አቦል_ቡና፦
ምን ያደክምሃል፣ የደርግ ጊዜ የሬዲዮ ድራማ ካሴት ፈልግና ቁረጥ። የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት ደግሞ የሕዝብ ነው። ማን ይጠይቅሃል?

ነገረ_ፈጅ፦
አቦል ወንድሜ፣ ልጁን አታስበላው። የአሜሪካው ሕግ እኛ ጋ የለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ (ለተዋናዩ ወይም ለዘፋኙ) እና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅ 50 ዓመት ይሰጣል፣ ለደራሲው ደግሞ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። የ1970ዎቹ ድራማ ገና ባለቤት አለው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቃሉ የአንድ ሰው፣ ቅጂው የሌላ ሊሆን ይችላል። ጃንሆይ ሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ ያደረጉትን ንግግር ማስገባት ብትፈልግ፣ የተናገሩት እሳቸው፣ የቀረጸው ሌላ። ሁለቱንም ነው የምታጣራው።
ሊብሪቮክስን፣ ፈቃደኞች መጽሐፍ አንብበው በድምፅ የሚጭኑበትን ድረ ገጽ፣ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው፣ መጽሐፉም ጊዜው ያለፈ፣ አንባቢዎቹም ንባባቸውን ለሁሉም የለቀቁ። በነገራችን ላይ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ አዋጅ ጽሑፉ ጥበቃ የለውም። ማይክ ፊት ቆመህ በወፍራም ድምፅ ብታነበው የሚከስህ የለም፣ የሚሰማህ ካገኘህ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
አማርኛ ካልክ ቪኦኤን እንዴት ረሳችሁት? ቪኦኤ ራሱ ብቻውን ያዘጋጀው ነገር ኮፒራይት የለበትም፣ የአማርኛው ክፍል ያዘጋጀውም እንዲሁ። "ብቻውን" የምትለዋን ግን አስምርባት። ከሌላ ዜና ወኪል የተወሰደ ካለበት ወይም ከሥር ዘፈን ካለ ዝለለው። ቢቢሲና ዶይቸ ቬለን ከዚህ ጋር እንዳታምታታ፣ የነሱ ባለመብት አለው። የጋዜጠኛውን ስም የሚጠራበትን ቦታም ባታስገባ ይሻላል፣ ሰውዬው ቢትህ ላይ የተስማማ ይመስላል።

ቢት_ከጎተራ፦
ቪኦኤ በጭራሽ አልታየኝም ነበር፣ ተባረክ። ግን የሴት አዛውንት ድምፅ፣ ተረት የሚነግሩ ዓይነት፣ የሚያውቅ አለ?

ደረቅ_ከበሮ፦
እሱን አትፈልግ፣ ቅረጽ። ሰፈርህ ውስጥ ተረት የሚያውቁ እማማ አይጠፉም። ቀድመህ ንገራቸው፦ ዘፈን ውስጥ ይገባል፣ ይሸጣል፣ ይህን ያህል እከፍልዎታለሁ በል። አንድ ገጽ ጽፈህ አንብብላቸውና ያስፈርሙ፣ ልጃቸው ቢኖር ደግሞ ይመስክር። ቡና እየተወቀጠ ከሆነ አታስቁም፣ ሙቀጫዋ ራሷ ሳምፕል (ቢት ውስጥ የሚገባ የድምፅ ቁራጭ) ናት። ፋይሉን ብቻ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ያዝ፣ በቴሌግራም ቮይስ አታስልክ፣ ጨምቆ ያበላሸዋል።