አምፕ ሊሠራልኝ ያለ ሰው «የምትፈልገውን ጻፍ» ብሎኛል፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ?

ስድስት_ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእጁ ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያ) የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። እንደምንም ለምኜው አንድ ሊሠራልኝ ተስማማ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ «የምትፈልገውን በአንድ ገጽ ጻፍና ስጠኝ፤ ከዚያ በላይ አላነብም» አለኝ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ አንዱ ምኞቴ ሌላውን እያጠፋብኝ ተቸገርኩ።

ስታዩት ፍላጎቴ ቀላል ነው። ክሩን በስሱ ስነካው ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጠበቅ አድርጌ ስመታው ደግሞ ሻከር ብሎ የሚጮኽ። ፔዳል (ድምፅ የሚቀይር በእግር የሚረገጥ ሳጥን) ሳልረግጥ፣ በጣቴና በጊታሩ ቮሊዩም ብቻ። ጥሩ ቲዩብ አምፕ ሁሉ ይህን ያደርጋል። የሚያደርገው ግን ቮሊዩሙ ከፍ ሲል ነው፤ ፓወር ቲዩቦቹ (ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቆቹ) ካልተገፉ ያ ድምፅ አይመጣም። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ቤት ውስጥ፣ ሰው ከተኛ በኋላ ነው። «ማስተር ቮሊዩም አለልህ» እንዳትሉኝ። እሱ ሲቀነስ የሚጮኸው ፕሪአምፑ (ከፓወር ቲዩቦቹ በፊት ያለው ክፍል) ብቻ ነው፤ የሚወጣውም ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ እዝዝ የሚል ነገር ነው።

ሌላው ቅሬታዬ፣ በእጅ የሚሠሩት አምፖች አብዛኞቹ የድሮ ቅጂ ናቸው። አንዱ የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹን ፌንደር ትዊድ ይደግማል፣ ሌላው ቮክስ ኤሲ30ን፣ ሌላው ማርሻል ጄቲኤም45ን። ጄቲኤም45 ራሱ ከፌንደር ቤዝማን ንድፍ የተቀዳ ነው፤ ስለዚህ የቅጂ ቅጂ እየገዛን ነው ማለት ነው። ድምፃቸውን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን የዚያን ጊዜ ተጫዋች አዳራሹን የሚሞላው በአምፑ ብቻ ነበር። ዛሬ አምፑ ፊት ማይክ ይቆማል፤ አዳራሹን የሚሞላው የቤቱ ሳውንድ ሲስተም ነው። ታዲያ ለምን ያንኑ ሳጥን ደግመን ደጋግመን እንሠራለን?

እና አንድ ገጽ ብቻ ቢሰጣችሁ ምን ትጽፋላችሁ? ምንስ ትሰርዛላችሁ? ብሉቱዝ የሚል ካለ በአክብሮት አልፈዋለሁ።

ሌሊት_ተጫዋች፦

ወንድሜ፣ ነገሩን አታካብደው። 5 ዋት በለው፣ በቃ። አንድ 6ቪ6 (የፓወር ቲዩብ ዓይነት)፣ አንድ የቮሊዩም ቁልፍ፣ አንድ የቶን ቁልፍ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ነው ያለኝ፤ ቤት ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም።

ብየዳ_ቤት፦

አምፕ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምባችሁ፣ ይቅርታ።

«5 ዋት ይበቃሃል» የሚለውን ምክር ሁሌ እሰማዋለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ብዙ ሰው የሚወደው ሴለስቲየን ቪንቴጅ 30 ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። ቤት ውስጥ ይህ ራሱ ሰው ይቀሰቅሳል። 5 ዋት ሲሆን ወደ 107 ይደርሳል፣ 15 ዋት ሲሆን ወደ 112። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮህ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ አምፑን ማሳነስ የሌሊቱን ችግር አይፈታም። ከድራም ጋር ስትጫወት የምትፈልገውን ጥርት ያለ ድምፅ ግን ያሳጣሃል። ሌሊት_ተጫዋች ያንተ ደስ የሚልህ ስፒከሩ ትንሽና ደካማ ስለሆነ ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

አብሮ የተሠራ ሎድ ጻፍለት። ሎድ ማለት ከአምፑና ከስፒከሩ መሃል ገብቶ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት የሚቀይር ነገር ነው። ሪአክቲቭ የሚባለው ይሁን፤ እሱ ለአምፑ እንደ እውነተኛ ስፒከር ነው የሚታየው። ተራ ሬዚስተር ከሆነ ድምፁ ይደርቃል። ሁለት ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ። ቲዩቦቹ እየተገፉ ስለሆነ ድምፁ ቀነሰ ብለህ ዕድሜያቸው ይረዝማል ብለህ አትጠብቅ። ደግሞም ድምፁ ቁርጥ ያው አይሆንም፤ ስፒከሩ ራሱ ሲገፋ የሚጨምረው ነገር አለ፣ ጆሮአችንም ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱን በደንብ አይሰማውም። ይህንን የትኛውም ሠሪ አይፈታልህም፤ እፈታለሁ የሚል ካለ ሊሸጥልህ ነው።

በዚያውም፣ ስፒከሩ ሲነቀል ሎዱ በራሱ የሚገባ ይሁን በለው። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከተጫወትክበት ከቲዩቦቹ ወደ ስፒከሩ የሚያሻግረው አውትፑት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ከውስጡ ካለው ዕቃ ደግሞ ከውዶቹ አንዱ እሱ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት የሚመጣው ምን መሰላችሁ? የፓወር ቲዩቡ ሶኬት በቀጥታ ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ የተበየደበት አምፕ። ቲዩቡ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ሲነቅልና ሲሰካ ይገፋዋል፤ ቀስ በቀስ ብየዳው ዙሪያውን ይሰነጠቃል። በዓይን አይታይም። ቲዩቡን በእንጨት ነካ ስታደርገው ግን ጨር ጨር ይላል። ሶኬቱ ብረቱ ላይ ይታሰር፣ ወደ ቦርዱ ሽቦ ይሂድ። ቦርዱ በእጅ የተሠራ ይሁን በማሽን የታተመ ለእኔ ግድ የለኝም፤ ሰው የሚከራከረው በማይረባው ላይ ነው።

ባያሱን (ሳትጫወት በፓወር ቲዩቦቹ የሚያልፈውን ኮረንት የሚወስነውን) ደግሞ ከውጭ የሚለካ አድርግልኝ በለው። ከኋላ ትናንሽ የመለኪያ ቀዳዳዎች፣ አጠገባቸው በመፍቻ የሚዞር አንድ ነገር። ከየፓወር ቲዩቡ ካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ጫፍ) ወደ ግራውንድ 1 ኦም ሬዚስተር ከገባ፣ መልቲሜትሩ 39 ሚሊቮልት ሲያሳይህ 39 ሚሊአምፒር እያለፈ ነው ማለት ነው። ሌላ ስሌት የለም። ፕሌቱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ጫፍ) ላይ 450 ቮልት ላለው ኢኤል34 ለሚባለው ፓወር ቲዩብ ይህ ከ25 ዋት ወሰኑ 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ጤነኛ ልክ። ይህ ከሌለ ግን ሳጥኑን ፈትተህ እጅህን ውስጥ ማስገባት ነው። እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከግድግዳ ከነቀልከውም በኋላ። ማፍሰሻ ሬዚስተር ይግባበት፤ የእኔን ዕድሜ ብታስብ።

ደረጃ_ወጪ፦

እናንተ ስለ ዴሲቤል አውሩ፣ እኔ ስለ ወገቤ ላውራ።

መድረክ ነው የምሠራው፤ አምፕ ተሸክሜ ደረጃ የምወጣውም የምወርደውም ራሴ ነኝ። የፌንደር ቲዩብ አምፕ ዴሉክስ ሪቨርብ 19 ኪሎ ገደማ ነው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የዚሁ አምፕ ዲጂታል ዓይነት፣ ቶን ማስተር የሚባለው፣ 10 ኪሎ ገደማ። ድምፁን ተዉት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። የትራንስፎርመሩ ብረት እንደማይቀንስ አውቃለሁ። የስፒከሩ ማግኔት ግን ቀለል ያለው ኒዮዲሚየም ሊሆን ይችላል፣ ሳጥኑም ቀላል እንጨት ሊሆን ይችላል። ወይም አምፑና ስፒከሩ ይለያዩና በሁለት እጅ ይያዙ።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል። መስታወት በሚመስል ፓኔል ላይ በቀጭኑ የተጻፈ ጽሑፍ መድረክ ላይ አይነበብም። መብራቱ ያንጸባርቃል፣ «ባስ» ብዬ ያዞርኩት ቁልፍ «ፕረዘንስ» ሆኖ ይገኛል። ቁልፉ ላይ አንድ ነጭ መስመር፣ በቃ። የእግር ስዊቹም በተራ የጊታር ገመድ ይሥራ። ስምንት እግር ያለው ልዩ ገመድ ጊግ መሃል ቢበጠስ ከየት አመጣለሁ?

ወደ_ዲጂታል_የሄደ፦

እኔ ኬምፐር (የአምፖችን ድምፅ የሚያስመስል ዲጂታል መሣሪያ) ነው የምጠቀመው፤ አልጸጸትም። ለሌሊትም ለመድረክም ከላይ ያላችሁት ሁሉ ተፈቷል። ስለዚህ ቲዩብ አምፕ ከዲጂታል ጋር በምቾት እሽቀዳደማለሁ ካለ ተሸንፏል። ስክሪንና ዩኤስቢ የተሰካበት ቲዩብ አምፕ ሳይ እገረማለሁ፤ ከሁለት አንዱን ሁን እንጂ።

አንድ ነገር ግን እቀናበታለሁ። የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አምፕ ዛሬም ይሠራል። ካፓሲተር ይቀየርለታል፣ ቲዩብ ይቀየርለታል፣ ይቀጥላል። የእኔ ውስጥ ያለው ቺፕ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሞት ማን ይቀይርልኛል? በእጅ የሚሠራ አምፕ ብገዛ የምከፍለው ለዚህ ነው። እና ንድፉ ከአምፑ ጋር ይምጣ። ዝነኛው አምፕ ሠሪ ዱምብል ሰው እንዳይቀዳበት ሰርኪዩቱን ኢፖክሲ በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ ይሸፍን እንደነበር ታውቃላችሁ። ለእሱ ይሁንለት። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ለምን ይደብቁናል?

ብየዳ_ቤት፦

ንድፉ ላይ እጄን አወጣለሁ። ፌንደር ድሮ የቲዩቦቹን ዝርዝር ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። ዛሬም ያንን ወረቀት አንብቤ ሥራ እጀምራለሁ።

ቲዩብ ስትመርጥ ደግሞ አቅርቦቱን አስብ። አዲስ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያ የሚላከው ሲስተጓጎል ዋጋው ምን እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ ወዳጅህ ፓወር ትራንስፎርመሩን ሰፋ አድርጎ ያስበው። 6ቪ6 ለማሞቂያው 0.45 አምፒር ነው የሚወስደው፣ 6ኤል6 0.9፣ ኢኤል34 1.5። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሶኬት ነው የሚገቡት። ትራንስፎርመሩ ከቻለና ባያሱ ሰፊ ከሆነ፣ አንዱ ከገበያ ሲጠፋ በሌላው ትሠራለህ። የአውትፑቱን ኢምፒዳንስ (ቲዩቡ ከስፒከሩ በኩል የሚያየውን ጭነት) ማስተካከል እንዳይረሳ ብቻ።

ሌሊት_ተጫዋች፦

አዎ፣ ስፒከሬ 8 ኢንች ነው። ያዝከኝ። ግን አሁንም እወደዋለሁ።

ስድስት_ክር፦

እናንተ ሰዎች፣ አንዱ ገጽ ሞላ። የጻፍኩት ይኸው፦

ሁለት 6ቪ6፣ 20 ዋት ገደማ፤ 6ኤል6ም የሚቀበል። አንድ ቻናል (የራሱ ቁልፎች ያሉት የድምፅ መንገድ) ብቻ። ሁለተኛውን ቻናል ሰረዝኩት፤ የጊታሬ ቮሊዩም እያለ ምን ያደርግልኛል? ሪአክቲቭ ሎድ፣ ስፒከሩ ሲነቀል በራሱ የሚገባ፣ ለሄድፎን መውጫ ያለው። ሶኬቶች ብረቱ ላይ። ባያስ ከኋላ። ማፍሰሻ ሬዚስተር (ለብየዳ_ቤት ዕድሜ)። ንድፉ ሳጥኑ ውስጥ ተለጥፎ። ኒዮዲሚየም ስፒከር፣ ቁልፉ ላይ ነጭ መስመር፤ ደረጃ_ወጪ ይህ ያንቺ ነው እህቴ።

ኢፌክት ሉፕ (ፔዳል ከፕሪአምፑ በኋላ የሚሰካበት) ላይ ብዙ አሰብኩ። ፔዳሎቼን አምፑ ፊት ነው የምሰካቸው፤ ስለዚህ ወጣ። ብዙ ሰው እንደማይስማማ አውቃለሁ።

የማልለቀው ሪቨርቡን (ማሚቶ የሚጨምረውን) ነው። በቲዩብ የሚነዳ፣ እውነተኛ ስፕሪንግ። ክብደት ይጨምራል፣ ቲዩብ ይጨምራል፣ ወዳጄም ያጉረመርማል። ይጨምር፣ ያጉረምርም። ብየዳ_ቤት፣ በዚህ ላይ የምትለኝ ካለ?

ብየዳ_ቤት፦

አንድ ነገር ብቻ። የሪቨርቡ ሣጥን መቀበያ ጫፉ ከፓወር ትራንስፎርመሩ ይራቅ። ቅርብ ከሆነ ሁምታ ያነሳል፣ ከዚያ እኔ ጋ ትመጣለህ። ከመታሰሩ በፊት አምፑን አብርቶ ሣጥኑን በእጁ እያዞረ ያዳምጥ፤ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ይሰረው።