ማክዳ ወይስ ቢልቂስ? በደሴ ለሴት ልጆች በሚከፈተው የንባብ ክፍል ስም ላይ የተነሳ ክርክር

ከሸዋበር፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች። ለሴት ልጆቻችን የምንከፍተው የንባብ ክፍል ቀለሙ አልቋል፣ መደርደሪያውም ገብቷል። የቀረው ስም ነው። ባለፈው ስብሰባ ግማሻችን «ማክዳ» አልን፣ ግማሻችን «ቢልቂስ»፤ ሁለቱም የንግሥተ ሳባ ስሞች ናቸው። ሳንስማማ ተበተንን። የእኔን አቋም ላስቀድም፤ ማክዳ ይባል። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10ን ክፈቱት። ንግሥቲቱ ወደ ሰሎሞን የሄደችው ጥያቄ ይዛ ነው። በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ነው ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘችው። ልጆች መጠየቅ ለሚማሩበት ክፍል ከዚህ የተሻለ ስም አይታየኝም።

ከቧንቧ ውሃ፦
ወንድሜ፣ እዚያ ምዕራፍ ላይ እኮ ማክዳ የሚል ስም የለም። «የሳባ ንግሥት» ነው የሚላት። ወንጌሉም ንግሥተ አዜብ ብሎ አለፈ። ማክዳ ያላት ክብረ ነገሥት ነው፤ እሱ ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። የእኔ ልጅ መድረሳ የሰማችው ቢልቂስን ነው። ማክዳ ብላችሁ ስትለጥፉ «ይሄ የእነሱ ክፍል ነው» ብላ እንዳትቀር እፈራለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እስኪ ረጋ በሉ። ቁርአንም ስሟን አይጠራም። ታሪኩ ያለው በ27ኛው ሱራ፣ በአን-ነምል ነው። ሁድሁድ የተባለችው ወፍ ለነቢዩ ሱለይማን «ሕዝብ የምትገዛ ሴት አገኘሁ፣ ከሳባ እርግጠኛ ወሬ ይዤ መጣሁ» ትላለች። ደብዳቤው ሲደርሳት ንግሥቲቱ አልተቆጣችም፣ አልፎከረችም። መማክርቷን ሰብስባ «ያለ እናንተ ነገር አልቆርጥም» አለች። እኔ ይህን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። ጦረኞቹ «ኃይል አለን» ሲሏት፣ እሷ ነገሥታት አገር ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ አስታወሰቻቸው።

ቢልቂስ የሚለው ስም የመጣው ከቁርአን ተርጓሚዎችና ከታሪክ ጸሐፊዎች ነው። የመን ውስጥ ማሪብ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ሰው «ማህረም ቢልቂስ» ይለዋል። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመንን የገዛችውን ንግሥት አርዋንም «ትንሿ ቢልቂስ» ይሏት ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ስሞች ከቅዱሳት መጻሕፍቱ በኋላ የመጡ ናቸው። አንዱ ጥንት፣ ሌላው መጤ እያላችሁ አትከራከሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘርፈው ከወሰዷቸው የብራና መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደብዳቤ ጽፈው ጠየቁ፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1872 መለሱት። ያን ጊዜ የተዘረፈው ብዙ ነው፤ የተመለሰው ግን ጥቂት። መቅደላ ደግሞ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ማክዳን የምታነሱ ከሆነ ይህንንም ለልጆቹ ንገሯቸው።

ነርሷ፣ ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ክብረ ነገሥትን እስከ መጨረሻው ያነበበ ከእናንተ ውስጥ ማን ነው? ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርብላታል። እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷ ከንብረቱ ምንም ላትወስድ ይማማላሉ። ሌሊት ጥም ሲያቃጥላት ውሃ ልትጠጣ ትነሳለች። ያኔ «መሐላሽን አፈረስሽ» ብሎ ይይዛታል። ይሄ ወጥመድ ነው። እኛ ግን እንደ ፍቅር ታሪክ ሲነገረን አደግን። በተርታ በተሣሉት በእነዚያ ሥዕሎች ላይም ማዕዱና አልጋው ጎን ለጎን ተሥሎ ለቱሪስት ይሸጣል። እዚያው መጽሐፍ ላይ «ከእንግዲህ ወንድ ይንገሥ፣ ሴት አትንገሥ» ተብሎ ሕግ ይወጣል። የ12 ዓመት ልጅ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ከሸዋበር፦
እህቴ፣ ከባድ ነገር ነው ያነሳሽው። ግን ስሙ ከዚያ ሌሊት በላይ ሄዷል። ያ ሕግ እያለ ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነገሠች። የንግሥተ ሳባ ኒሻን የተቋቋመውም በእሷ ዘመን ነው። ባሕር ማዶ ራስተፈሪያኖች ሴት ልጆቻቸውን ማክዳ ይላሉ። ሌ ኑቢያን የሚባሉት ሁለት እህትማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1998 በስሟ በፈረንሳይኛ ዘፍነዋል። ከባርነት የተረፈ ሕዝብ ልጁን በንግሥት ስም ሲጠራ ትንሽ ነገር ነው?

ነርሷ፣ ከኮምቦልቻ፦
ትንሽ አይደለም። እሱን አልካድኩም። እኔ የምለው እሷን ማን እንዴት ጠራት ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የገባችው የንጉሡን ዘር ከሰሎሞን ጋር ለማገናኘት ነው። በሆሊውድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 በፊልም ተዋናይቷን ጂና ሎሎብሪጂዳን ሆና ወጣች፤ ሰው የሚያስታውሰው ውበቷንና ልብሷን ነው። አንዱ ጋ ማህፀን፣ ሌላው ጋ ገላ። ጥያቄዋ የት ሄደ? መማክርቷስ?

ተማሪ፣ ከሆጤ፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክፍሉ ለእኛ ነው ተብሏል። ስሙን ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እስካሁን ማን ጠየቀን? እኔና ጓደኞቼ ያወራነው «ሳባ» ቢባል ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ለሴት ልጅም የታወቀ ስም ነው። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ያለ ጭቅጭቅ ትገባለች።

ከቧንቧ ውሃ፦
አቦ ተባረኪ! ይሄ ይስማማኛል። ቢልቂስን ለሳባ እለቃለሁ።

ከሸዋበር፦
እኔ አልለቅም። ሳባ አገር ናት፣ ሰው አይደለችም። ይሄ ሁሉ ክርክር ስለ አንዲት ሴት ሆኖ ሳለ ለመስማማት ስንል ሴትየዋን ልናወጣት ነው። ደግሞ ነገ የመን «የእኔ ናት» ትላለች።

ጡረተኛው መምህር፦
የመን ብትል አይደንቅም፣ የሳባ መንግሥት እዚያ ነበርና። ግን ትግራይ ውስጥ ወዳለችው ወደ የሐም ሂዱ፤ በሳባ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች ታገኛላችሁ። ያ ባሕር ጥንትም ሰው የሚሻገረው ነበር። ልጅቷ ያለችው ያስኬዳል። ሴትየዋ ወጣች ያልከው ግን እውነት ነው፣ እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ነርሷ፣ ከኮምቦልቻ፦
እንግዲያው ሦስቱም ስሞች እሁድ ለልጆቹ ይቅረቡ፤ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ብቻ ይሁኑ። ከዚያ በፊት ታሪኩን የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ እንቆቅልሹንም፣ ምክክሩንም፣ የውሃውንም ነገር ሳልዘል። መምህርም አጠገቤ ይቀመጡ።