ደረሰኝ መጠየቅ ያቃተው ኢንተርን

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለቤቱ። አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ኢንተርንሺፕ የወጣሁት ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው፣ ስሙ ይቅር። ሥራው አልከበደኝም፤ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ እመዘግባለሁ፣ የባንክ ማስታረቂያም እሠራለሁ። የከበደኝ ሰው ነው። ትናንት አባቴን የሚያህሉ የሽያጭ ሠራተኛ ለመስክ የወሰዱትን ብር ሊያወራርዱ መጡ። የጎማ ደረሰኝ የለም። "ደረሰኝ ይጎድላል" አልኳቸው። "ሌባ ነህ እያልከኝ ነው?" ብለው ቢሮው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮኹብኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ድርጅቱ ለትምህርት ክፍላችን በሚልከው ፎርም ላይ ደግሞ "ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት" የሚል ነጥብ አለ። ይሄ የት ነው የሚማሩት?

የፒያሳው ኦዲተር፦
ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው፣ አባባልህ ነው ችግሩ። ሰው ፊት አትጠይቅ፣ ጠረጴዛቸው ድረስ ሂድ። "ጋሼ፣ ይቺ ወረቀት ካልተያያዘች ድርጅቱ 15 በመቶ ቫቱን ማካካስ አይችልም፣ ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋም የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ መኪና ውስጥ ወድቃ እንዳይሆን?" በላቸው። ጥፋቱ ከሰውየው ወርዶ ወረቀቷ ላይ ይሆናል። እኔ ይሄን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ተሰድቤ።

ቫውቸር፦
ኧረ ተዉት፣ ልጁን ማባበል ብቻ አታስተምሩት። ጨዋ ሆኖ እምቢ ማለትም አለ። "ደረሰኙ እስኪመጣ አልፈርምም ጋሼ፣ ይቅርታ" ብሎ ዝም ነው፣ ማብራሪያ ማብዛት አያስፈልግም። ደግሞ አለቃህ የት ነበሩ? እኔ ኢንተርን ሲመጣልኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒውተር አላስነካም። ቫውቸር፣ ማለትም የክፍያ ማዘዣ ወረቀት፣ አስይዤ ፎቅ ለፎቅ ፊርማ እንዲለቅም እልካለሁ። ይማረራሉ፣ ተላላኪ አደረገችን ይላሉ። ግን ዓርብ ላይ ማን ጠዋት እንደሚነጫነጭ፣ ማን ከቡና በኋላ እንደሚፈርም ያውቃሉ።

ካሸሯ፦
እኔ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶኮፒ ነው ያነሳሁት። የሚጮህብኝ እንኳን አልነበረም 😂

ሦስተኛ ዓመት፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ ኦዲተሩ እንዳለው ጠየቅኳቸው። ሳቁ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ ከሰዓት ደረሰኙን ይዘው መጡ። ችግሩ፣ ጎማው የተገዛው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የዛሬ። ይሄንንስ በምን አፌ ልንገራቸው?